ወርቁ ይቀመጥ፤ መኪናው ይመርመር

የመንገደኛው ዓምድ



ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱን ከፍቼ የመጀመሪያውን መስመር ሳነብ፣ ጉዳዩ የቤተሰብ ገጽ አዘጋጅን የሚመለከት መስሎኝ ወደ ጎን አኑሬው ነበር። እስከ መጨረሻው ካነበብኩት በኋላ ግን የእኔው ዓምድ ድርሻ ሆኖ አገኘሁት። ጸሐፊዋ የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት ናቸው። ሃምሳ አለቃው ለአያሌ ዓመታት የሠራዊቱን ከባድ ተሽከርካሪ ሲያሽከረክሩ ኖረው፣ አሁን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። ከዚያ በኋላ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ስለማይሆንላቸው፣ በቆጠቡት ገንዘብና በደረሳቸው ዕቁብ አንድ ፎር ዊል መኪና ገዝተው ጎብኚዎችንና ተመራማሪዎችን ወደ አፋር ቆላ፣ ማለትም ወደ አፍዴራ፣ ወደ ኤርታ አሌና ወደ ዳሎል ለማመላለስ አስበዋል።

ሁለት መኪና አይተዋል። አንደኛው ወንበሩ በቆዳ የተለበጠ፣ ቀለሙ እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ሞተሩም በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ዘመናዊ መኪና ነው። ሁለተኛው መስኮቱ በእጅ የሚዞር፣ ጎኑ እዚህም እዚያም የተጨረመተ፣ ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚ ወንበሮች ያሉት አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። የመጀመሪያው ዋጋ ከያዙት ገንዘብ ስለሚበልጥ፣ ጉድለቱ በእኅታችን የጋብቻ ወርቅ እንዲሞላ ሃምሳ አለቃው ሐሳብ አቅርበዋል። እኅታችንም «ወርቁን መስጠቱ አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ ገንዘቡም ባለቤቴም በዚያ በረሃ እንዳይቀሩብኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

በባልና በሚስት መካከል ገብቶ መፍረድ የዚህ ዓምድ ተግባር አይደለም። ስለ መኪናው ግን የሚሰማኝን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። አሮጌውን ይግዙ። ወርቅዎ ከሣጥኑ አይውጣ። ከአሮጌው ዋጋ የሚተርፈውን ገንዘብ ደግሞ ለሌላ ሳያውሉ መኪናውን ለመንገድ ለማሰናዳት ይጠቀሙበት። ሃምሳ አለቃው ይህን ሲያነቡ ቅር እንዳይሰኙ ምክንያቴን ላስረዳ።

ሰው ወደ በረሃ ለመጓዝ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው መኪና ይሻላል?» ብሎ ነው። ታሪክ የሚያሳየን ግን መኪናው ከአሰናዳዱ ቀጥሎ እንደሚመጣ ነው። ራልፍ ባግኖልድ የተባለው የእንግሊዝ ጦር መኮንን በ1929፣ በ1930 እና በ1932 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ከግብፅ ተነሥቶ የሊቢያን በረሃ ያሰሰው ፎርድ ሞዴል ኤ በሚባሉ ቀላል መኪኖች ነበር። እነዚህ መኪኖች የሚገፉት በኋላ ጎማቸው ብቻ ነው። ባግኖልድ የማያስፈልገውን ክብደት ሁሉ አራገፈ፤ አሸዋ ላይ ሲደርስ የጎማውን አየር ቀነሰ፤ ጎማው ሲሰምጥ ከሥሩ የሚያስገባው ረጅም የብረት ሰሌዳ ያዘ። ከራዲያተሩ የሚወጣውንም እንፋሎት በቱቦ ወደ አንድ ጣሳ እየመራ መልሶ ውኃ አደረገው። ዛሬ በየመኪናችን ከራዲያተሩ አጠገብ የምናየው የፕላስቲክ ዕቃ የሚሠራው ከዚሁ ጋር በሚመሳሰል ዘዴ ነው።

በ1940 እ.ኤ.አ. ይኸው መኮንን የረጅም ርቀት የበረሃ ቡድን የተባለውን ክፍል በግብፅ ሲያቋቁም፣ ዋነኞቹ ካሚዮኖቹ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄዱ ሸቭሮሌዎች ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ፎር ዊል ፎርዶች ተሰጡት። ፎርዶቹ ብርቱዎች ቢሆኑም ቤንዚን አብዝተው ስለሚጠጡ፣ በ1942 እ.ኤ.አ. ቡድኑ እንደገና በኋላ ጎማ ወደሚሄዱት ሸቭሮሌዎች ተመለሰ። ይህን ስል ፎር ዊል አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ባለሁለት ጎማ መኪና ይዞ ወደ ዳሎል የሚሄድን ሰው እኔ ራሴ እከለክለዋለሁ። ሆኖም በረሃ መኪናን የሚመዝነው በሚጠጣው ነዳጅ፣ በሚሸከመው ክብደትና በመንገድ ላይ ሊጠገን በመቻሉ እንጂ በውበቱ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለቱ መኪኖች እንመለስ። የዘመናዊው ናፍታ ሞተር ነዳጁን የሚረጨው ከ1000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። ይህን ያህል ግፊት የሚያስተናግድ መርጫ ቀዳዳው እጅግ ረቂቅ ስለሆነ ንጹሕ ነዳጅ ይሻል። ከተማ ውስጥ ንጹሕ ነዳጅ ይገኛል። ከማደያ ርቆ፣ ከበርሜል በቱቦ እየተመጠጠ በሚቀዳበት ስፍራ ግን ነዳጁ ውኃም አቧራም ሊኖረው ይችላል። ያኔ ሞተሩ ይደነቃቀፋል፤ ኮምፒዩተሩ ኃይሉን ይቀንሳል፤ የብልሽቱን ስም የሚነግርዎት መሣሪያ ደግሞ ያለው ከተማ ነው።

አሮጌው ላንድክሩዘር፣ ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተከታታይ የተሠራው ባለ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ናፍታ ሞተር ያለው ከሆነ፣ ቱርቦ የለውም፤ የነዳጅ ፖምፓውም በጥርስና በሞላ እንጂ በኮምፒዩተር አይሠራም። ይህን ሞተር የማያውቅ መካኒክ በአገራችን ከተሞች ማግኘት ይከብዳል። የኋላው አካል ዓይነቱ በውጭ አገር የወታደር ማጓጓዣ እየተባለ ይጠራል። ለሃምሳ አለቃው እንግዳ አይሆንባቸውም ማለት ነው።

ለሃምሳ አለቃው አንድ እውነት ልስጣቸው። ጎብኚ ምቾት ይወዳል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሰመራ ባለው አስፋልት ላይ የቆዳ ወንበሩ የተሻለ ኪራይ ሊያስገኝ ይችላል። አስፋልቱም ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ቆላው ውስጥ እየዘለቀ ነው። ሥራቸው በአስፋልት ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምክሬ የተለየ ይሆን ነበር። እሳቸው የሚያስቡት ግን ከአስፋልቱ ማዶ ያለውን አሸዋና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ሰው የሚጠፋውም መኪና የሚቀረውም እዚያ ነው።

እንግዲህ አሮጌው ይገዛ ስል፣ ያረጀ ሁሉ ይገዛ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ከሁሉ በፊት ከሥሩ ገብተው ሻንሲውን ይመልከቱ። በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይምቱት፤ ጤናማ ብረት ይጮኻል፤ ዝገት የበላው ደንቆሮ ድምፅ ይሰጣል። በተለይ ባሌስትራው በሚታሰርበት ስፍራ ብየዳ ካለ፣ ሻጩ የሚለውን ሳይሆን ብየዳው የሚለውን ይስሙ። በጨው ምድር ሲመላለስ የኖረ መኪና ውጪው ታጥቦና ተቀብቶ ሲቀርብ ሙሽራ ይመስላል፤ ሻንሲው ግን አይዋሽም።

ቀጥሎ ሞተሩ ሲሞቅ ቴስታታው አካባቢ ውኃ ወይም ዘይት የሚያልብ መሆኑን ማየት ነው። ይህ ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ ያለው ሲሆን በየ100000 ኪሎ ሜትር እንዲለወጥ ይመከራል። ሻጩ «በቅርቡ ለውጬዋለሁ» ቢል አመስግነው ተቀብለው፣ ገዝተው እንደወጡ ዳግመኛ ያስለውጡት። ቺንጋው ከተበጠሰ የሞተሩን ውስጥ ይጎዳዋልና። ፎር ዊሉንና አጭሩን የኃይል ማርሽ በነገር ሳይሆን በጭቃ ወይም በአሸዋ ላይ አስገብተው ይሞክሩ። ለዓመታት ከተማ ውስጥ የኖረ መኪና ማርሹ ደርቆ እምቢ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው።

መኪናው ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያው ወጪ ጎማ ይሁን። የዚህ መኪና የተለመደ ጎማ ባለ 16 ቸርኬ፣ ጠባብና ረጅም ዓይነት ነው። ካላማዳሪያ ያለው ከሆነ አይናቁት፤ ጎሚስታ በሌለበት ስፍራ በሁለት ብረትና በአንድ ማስቲሽ ይጠገናል። ስኮርታ አንድ አይበቃም፤ ሁለት ይያዝ። የጎማ አየር ነገር ደግሞ ሃምሳ አለቃው ከእኔ የበለጠ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ምናልባት በዚል 131 ካገለገሉ፣ ያ ካሚዮን ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ የጎማውን አየር እንዲቀንስና እንዲጨምር ተደርጎ እንደተሠራ ያስታውሳሉ። የሶቪየት መሐንዲሶች ያን ሁሉ ቱቦ የዘረጉት ለጌጥ አልነበረም። አየሩ የቀነሰ ጎማ ይንጣለላል፤ የተንጣለለ ጎማ ክብደቱን በሰፊ ስፍራ ላይ ስለሚያሳርፍ አሸዋውን አይቆፍረውም። ላንድክሩዘሩ ይህ ቱቦ ስለሌለው ወርዶ በእጅ መቀነስ የግድ ነው።

በአስፋልት ላይ በጭነት ልክ ከ2.5 እስከ 3 አትሞስፌር የሚያዝ ጎማ፣ ለስላሳ አሸዋ ላይ ወደ 1.5፣ አለዚያም ወደ 1.2 ቢወርድ መኪናው እንደ ግመል ይረግጣል። ከ1 በታች መውረድ ግን ጎማው ከቸርኬው እንዲወልቅ ይጋብዛል። በቀነሰ አየርም ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ መፍጠንና በድንገት መታጠፍ አይገባም። አሁን አንድ ችግር አለ፤ ወደ ኤርታ አሌ በሚወስደው ስፍራ አሸዋውና እንደ ምላጭ የሚቆርጠው ጥቁር ድንጋይ ይፈራረቃሉ። አየሩ የቀነሰ ጎማ ጎኑ ስለሚያብጥ ድንጋዩ የሚቆርጠው ያንን ጎን ነው፤ የተቆረጠ ጎን ደግሞ በማስቲሽ አይድንም። ስለዚህ ከአሸዋ ወደ ድንጋይ በተሻገሩ ቁጥር ወርዶ አየር መሙላት ያስፈልጋል። ይህ አድካሚ ነው፤ ሾፌሩ ሦስተኛው ላይ «ይሁን፣ እንዲሁ ልለፈው» ይላል፤ ጎማውም የሚቀደደው ያኔ ነው። ከባትሪ የሚሠራ ጥሩ የአየር ፖምፓ ይግዙ፤ የእግር ፖምፓም ለመጠባበቂያ ይኑር።

ወደ ክብደት ልለፍ። እኅቴ ሆይ፤ እዚህ ላይ የእርስዎ ሙያ ይገባል። በክፍለ ጦር ዝውውር ጊዜ የአንድን ቤት ዕቃ በግማሽ ካሚዮን ጠቅልሎ ማስገባት የሚያውቁ እርስዎ ነዎትና እርሳስ ይያዙ። አምስት ሰው እያንዳንዱ 70 ኪሎ ቢሆን 350 ኪሎ ነው። ሻንጣቸው 15 ኪሎ ቢሆን 75። ውኃ ለአንድ ሰው ለመጠጥና ለምግብ በቀን 8 ሊትር ቢታሰብ፣ ለሦስት ቀን ጉዞና ለአንድ ቀን መዘግየት 160 ሊትር ይሆናል፤ ይህም 160 ኪሎ ነው። ተጨማሪ ናፍታ 60 ሊትር ከነጀሪካኑ 62 ኪሎ ያህል። ሁለት ስኮርታ ጎማ 70። ክሪክ፣ አካፋ፣ የብረት ሰሌዳ፣ ገመድና መፍቻ 80። ድንኳን፣ ምድጃና ምግብ 90። ድምሩ 887 ኪሎ መጣ፤ እስካሁን የጎብኚውን የካሜራ ሣጥንና የመንገድ መሪውን አልቆጠርንም! ፋብሪካው ለመኪናው የፈቀደው ጭነት በሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ አለመብለጥ ነው። ባሌስትራውን በአንድ ቅጠል ማጠንከር ይቻላል። ሆኖም ባሌስትራው ስላልታጠፈ ክብደቱ የቀነሰ የሚመስለው ሰው፣ ሸክሙን ከባሌስትራው ወደ ሻንሲው አዛወረው እንጂ አላቀለለውም።

አብዛኛው ሰው ይህን ጭነት ፖርቶ መጋላው ላይ ይከምረዋል። እባክዎ ይህን ይከልክሉልኝ። ከባድ ነገር ሁሉ ታችና በሁለቱ እግሮች መካከል ይቀመጥ፤ ፖርቶ መጋላው ላይ ድንኳን፣ ፍራሽና ባዶ ጀሪካን ብቻ ይውጣ። ከላይ የከበደ መኪና በተዳፋት ላይ ለመገልበጥ ምክንያት አይፈልግም። ውኃውም በአንድ በርሜል ሳይሆን በስምንት ጀሪካን ተከፋፍሎ ይጫን፤ አንዱ ቢቀደድ ሰባቱ አሉ። በአንድ ወቅት እኔ ራሴ ናፍታ የነበረበትን ጀሪካን በሳሙናና በአሸዋ አጥቤ፣ አሽትቼም አልሸተተኝ ብዬ ውኃ ሞላሁበት። ፀሐዩ ሲያሞቀው ፕላስቲኩ የዋጠውን ሁሉ መለሰው። ውኃ ይዘን ውኃ ያጣን እኛ ነበርን። የውኃው ጀሪካን ቀለሙ ሌላ ይሁን፤ ናፍታውም ከሰው ጋር በአንድ ክፍል አይቀመጥ።

የሙቀትን ነገር ከዚህ ጋር አያይዤ ላውሳ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዳሎል በተደረገ ምልከታ፣ ሌሊቱም ቀኑም፣ ክረምቱም በጋውም ተደምሮ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። ስፍራው ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ በደጋ ሲያቃስት የነበረው መኪና ቆላ ሲወርድ እንደ ወጣት ይሆናል፤ ሾፌሩም በዚህ ይታለላል። ጉልበቱ ሲመለስ መቀዝቀዣው ግን ይደክማል። ስለሆነም ከመነሣቱ በፊት ራዲያተሩ በመካከሉ የተሰካው ገለባና ነፍሳት ከኋላ ወደ ፊት በሚነፋ አየር ይጽዳ፤ የጎማ ቱቦዎቹና የቬንትሌተሩ ቺንጋ ይለወጡ፤ አሮጌዎቹ ግን ሳይጣሉ ለመጠባበቂያ ይያዙ። መኪናው በጉዞ ላይ ቢግል አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ሞተሩን ሳያጠፉ ማቆም ነው። የሞቀ ራዲያተር ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላል። ይህን የማያውቅ የለም፤ በየጊዜው የሚቃጠለው ግን የሚያውቀው ነው።

ናፍታው፣ በአስፋልት በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር የሚበቃው መኪና አሸዋ ላይ 20 እና ከዚያም በላይ ሊጠጣ እንደሚችል ታስቦ ይሰላ፤ ከሒሳቡም ሲሶ ይጨመርበት። የአየርና የናፍታ ፊልትሮ ሁለት ሁለት ይያዝ።

መኪና መስመጡ አይቀርም። የሰመጠውን በጉልበት ማስጮኽ ይበልጥ መቅበር ነው። ወርዶ ማራገፍ፣ መቆፈር፣ ሰሌዳውን ማስገባት፣ ቀስ ብሎ መውጣት። ክሪኩ ራሱ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ አርባ በአርባ ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ከሥሩ ይደረግለት። ሌላ መኪና የሚጎትት ከሆነ ገመዱ በሻንሲው ላይ በተሠራው መንጠቆ ብቻ ይታሰር፤ በመካከሉ ብርድ ልብስ ይጣልበት፤ ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። የተበጠሰ ገመድ ሰው ይገድላል።

ይህ ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ መኪናው ሙሉ ጭነቱን ይዞ፣ ያለ ጎብኚ፣ ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በኮረኮንች ይፈተን። ሲመለስ ቡሎኑ ሁሉ እንደገና ይጥበቅ። በዚህ ፈተና የሚወድቅ ነገር አይጠፋም፤ እዚህ ቢወድቅ ይሻላል።

ሃምሳ አለቃው ብቻቸውን አይሂዱ። ከሌላ መኪና ጋር መጓዝ በዚያ ምድር ግዴታ ነው እንጂ ምርጫ አይደለም። ከስፍራው ፈቃድ ይያዝ፤ አፋር የሆነ መሪም ይቀመጥ። አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ያየውንና የሰማውን አንዱ ለሌላው ሳያጓድል ይነግረዋል። የትኛው ወንዝ ትናንት እንደሞላ፣ የትኛው የጨው ሜዳ ከዝናብ በኋላ ከሥሩ እንደረጠበ የሚያውቀው ካርታው ሳይሆን ይህ ሰው ነው። የጨው ሜዳ ከላይ እንደ አስፋልት ደርቆ ከሥሩ ጭቃ ሊሆን ስለሚችል፣ መሪው «አትለፍ» ካለ ጎብኚው የከፈለው ገንዘብ ምክንያት አይሁን።

መኪናው ቢቆም ደግሞ፣ ማንም ሰው እርዳታ ፍለጋ በእግሩ አይነሣ። በዚያ ሙቀት የሚራመድ ሰው በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ይጥላል። መኪናው ጥላ ነው፤ ውኃው እዚያ አለ፤ ከሩቅ የሚታየውም እሱ ነው።

የመጨረሻው መሰናዶ እኅቴ፣ በእርስዎ እጅ ነው። ባለቤትዎ በተነሡ ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ የሚሄዱበትን መንገድ፣ የሚያድሩበትን ስፍራ፣ አብሯቸው የሚሄደውን መኪና ሰሌዳ ቁጥር፣ የመሪውን ስምና የሚመለሱበትን ቀን ጽፈው ይስጡዎት። በቀኑ ሳይመለሱ ቢቀሩ፣ በማግስቱ ጠዋት ለማን እንደሚደውሉም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። «እጠብቃለሁ፣ ዛሬ ማታ ይመጣል» ብለው ሌላ ቀን አይጨምሩ፤ ውኃው የተቆጠረው ለአንድ ቀን መዘግየት ብቻ ነው። መንገዱን ወይም ቀኑን መለወጥ ካስፈለጋቸው፣ ስልክ ከሚያገኙበት የመጨረሻው ከተማ ደውለው ያስታውቁዎት፤ እርስዎም ወረቀቱን ያርሙት።

ሃምሳ አለቃው በዚህ ከተስማሙ፣ ገንዘቡ ከእጃቸው ከመውጣቱ በፊት በመዶሻው የሰሙትን የሻንሲውን ድምፅ እንዲጽፉልኝ እጠብቃለሁ።